ፊልሙን አሳየሁት፣ እሱ ተነስቶ ወጣ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ሰንጋ ተራ ባንክ ቤት ነው የምሠራው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን 9 ዓመት ሆኖናል፤ የ6 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። የምንኖረው አፍንጮ በር አካባቢ፣ በአማቴ ስም ባለ የቀበሌ ቤት ነው። አማቴን ከሦስት ዓመት ወዲህ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ልጄን በባለቤቴ እህት ስም ነው የሚጠሯት። እኔን አንዳንድ ቀን ያውቁኛል፣ አንዳንድ ቀን ሠራተኛ እመስላቸዋለሁ።

ሳላገባ የተመዘገብኩበት ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ የካ አባዶ ባለ ሁለት መኝታ ቤት አለን። አሁን አከራይተነዋል። ኪራዩ የባንኩን ዕዳ ከፍሎ ትንሽ ይተርፋል። እማማን ይዘን እዚያ እንግባ እላለሁ። ባለቤቴ ደግሞ «እማዬ ከዚህ ሰፈር ከወጣች ትሞትብኛለች» ይላል። ውሸት የለውም። እዚህ ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ጊዮርጊስ ተሳልመው ሲመለሱ መንገዱ ሲጠፋባቸው፣ እጃቸውን ይዞ በር ድረስ የሚያደርሳቸው አይጠፋም። እኔስ ግን? ቤቱ ጠባብ ነው። ሽንት ቤቱ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው። ልጄ የምታጠናበት ጥግ የላትም። እማማን ገላቸውንም የማጥባቸው እኔ ነኝ፣ እሱ ወንድ ነውና፤ እሱስ ይሁን።

ይህን ነገር ባነሳን ቁጥር በጭቅጭቅ ነው የሚያልቀው። በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በፍላሽ አንድ የኢራን ፊልም ሰጠችኝ። ሚስትየው ካገር እንውጣ ትላለች፣ ባልየው አባቴን ጥዬ አልሄድም ይላል። አባትየው እንደ አማቴ የመርሳት በሽታ አለባቸው። ለብቻዬ አይቼ አለቀስኩ። ባለቤቴም ቢያየው ይገባዋል አልኩና ቅዳሜ ማታ፣ እማማና ልጄ ሲተኙ ከፈትኩት። ባልየው አባቱን የሚያጥብበት ቦታ ላይ ሲደርስ ባለቤቴ ምንም ሳይል ተነስቶ ወደ ግቢ ወጣ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ፊልሙን ዘግቼው ነበር። «አሳየሽኝ፣ በቃሽ?» ብሎኝ ተኛ። በማግስቱ ደግሞ «አንቺ ማለት እኮ ያቺ ሴትዮ ነሽ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ልጅቷና ስለ አስቤዛ ብቻ ነው የምናወራው።

ማሳየቴ ጥፋት ነበር? አሁንስ ምን ብዬ ላናግረው? እውነቱን ልንገርዎት፣ አንዳንዴ ፍቺ አስባለሁ። ከዚያ ደግሞ ሳየው ያሳዝነኛል። ክፉ ሰው አይደለም።

የደከማት፣ ከአፍንጮ በር

መልስ፦

እህቴ፣ ፊልሙን ማሳየትሽ ጥፋት አይደለም። አንቺ መናገር ያለብሽን ፊልሙ ይናገርልኝ ማለትሽ ግን ነገሩን አወሳስቦታል።

ፊልሙ የትኛው እንደሆነ ገብቶኛል። የኢራናዊው ዳይሬክተር የአስጋር ፋርሃዲ «መለያየት» ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን ድብ አገኘ፤ በዓመቱ ደግሞ በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ኦስካር ወሰደ። ሽልማቱ ላንቺ ምንም አይፈይድልሽም፣ ለሌሎች አንባቢዎች ብዬ ነው። ያላያችሁት ደግሞ ይቅር በሉኝ፣ ታሪኩን ልዘረግፈው ነው።

እንዲህ ያለ ፊልም እኛ ዘንድ ብዙ አልተለመደም። የኛ ፊልሞች አብዛኞቹ ሰርጉ ላይ ያልቃሉ። ከሰርግ በኋላ ያለውን ኑሮ የምናየው በአማርኛ በሚተረጎሙት የቱርክ ድራማዎች ነው። እዚያ ደግሞ ባልና ሚስት ሲጣሉ ቢያንስ አንድ ሽጉጥና አንድ የጠፋ ወንድም አይጠፋም። ፋርሃዲ ጋ ሽጉጥ የለም። ሻንጣ አለ፣ ደረጃ አለ፣ መታጠቢያ ቤት አለ፣ የታመመ አባት አለ። የሚያመውም ለዚህ ነው። ሽጉጡን ያየ ሰው «ይሄ እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ይገላገላል። መታጠቢያ ቤቱን ያየ ግን የት ይገባል?

እስቲ ፊልሙን በባልሽ ዓይን እዪው። ገና ሲጀምር ሚስትየው ሲሚንና ባልየው ናደር ዳኛ ፊት ተቀምጠዋል። ዳኛው አይታይም። ካሜራው ያለው በዳኛው ቦታ ነው። ስለዚህ ሁለቱም የሚከራከሩት ወደ ተመልካቹ እያዩ ነው። ሲሚን ልጃቸውን ይዘው ካገር እንዲወጡ ትፈልጋለች። ናደር አባቱን ጥሎ አይሄድም። አባቱ ልጅነቱን እንኳ እንደማያውቁት ስትነግረው፣ እሱ ግን አባትነታቸውን እንደሚያውቅ ይመልስላታል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ፊልሙ ትልቅ የሆነው እዚህ ጋ ነው፤ አንዱን ጥፋተኛ አድርጎ አይገላግለንም።

አንቺ ፊልሙን ለብቻሽ ስታይ በዳኛው ቦታ ተቀምጠሽ ነበር። ለሁለቱም አዘንሽ፣ አለቀስሽ። ባልሽ ግን ያየው አጠገቡ አንቺ ተቀምጠሽ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እናቱ ተኝተው ነው። እንደ ዳኛ መቀመጥ አልቻለም። ተከሳሽ ሆኖ ነው ያየው። «አሳየሽኝ፣ በቃሽ?» የሚለውን ስሰማ የተናደደ ሰው አልታየኝም፤ የተያዘ ሰው ነው የታየኝ።

«አንቺ ማለት ያቺ ሴትዮ ነሽ» ያለሽንም አትርሺ። ብዙ ባሎች ይህን ፊልም ቢያዩ እንደዚያው ይላሉ፤ ምክንያትም አላቸው። ሲሚን ሻንጣዋን ይዛ ወደ እናቷ ቤት ስትሄድ ካሜራው አብሯት አይሄድም። ብዙውን ጊዜ ከናደር ጋር እቤት ይቀራል። አባቱን ሲያነሳ፣ ሲያስተኛ፣ ልጁን ሲያስጠና እናየዋለን። የሷን አልቅሶ ማደር ግን አናይላትም። ስለዚህ «ጥላ የሄደችው» ትመስላለች። ነገር ግን ስትወጣ የሆነች አንድ ነገር አለች፣ ባልሽ አስተውሏት እንደሆነ እንጃ። ሽማግሌው እጇን ይይዟታል፤ አልለቅም ይላሉ። ልጃቸውን የማያውቁ ሰው የምራታቸውን እጅ ነው የያዙት። ያ ቤት ውስጥ እስከዚያ ቀን ማን ሲያስታምማቸው እንደነበር ለማወቅ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ደግሞስ አንቺ የት ሄድሽ? «እማማን ይዘን» ነው ያልሽው። ጥለን እንሂድ አላልሽም። ይህን ልዩነት ባልሽ ሰምቶት ያውቃል? በጭቅጭቅ መሀል የሚሰማው «ከዚህ ቤት እንውጣ» የሚለው ብቻ ይመስለኛል። ያ ቤት ደግሞ ያደገበት ነው። የቀበሌ ቤት መሆኑን አትርሺ። እሳቸው ለቀው ከወጡ ቤቱ ይመለሳል፤ «ካልተስማማን እንመለሳለን» የሚባል ነገር የለም። እሱ «እማዬ ትሞትብኛለች» ሲል ውስጡ ይህም ፍርሃት አለ። ወንዶቻችን ደግሞ «ፈራሁ» ከማለት «አይሆንም» ማለት ይቀናቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ሽንት ቤቱ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጽፈሻል። ስለ ልጅሽ ማጥኛ ጥግም እንዲሁ። ስለ ገላ ማጠቡ ግን ሳትጨርሺው «እሱስ ይሁን» ብለሽ አለፍሽ። እኔ እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

የማይሆን ነገር ነው እኮ! የታመመ አዋቂ ሰው ገላ ማጠብ ምን እንደሆነ ያላደረገው አያውቀውም። ውኃ ማሞቅ፣ ሳፋ ማቅረብ፣ በሩን መዝጋት። ልብሴን አላወልቅም ሲሉ ማባበል። አንቺን የማያውቁሽ ቀን ደግሞ፣ በሳቸው ቤት አንዲት የማያውቋት ሴት መጥታ ልብሳቸውን እያወለቀች ነው። ይጮሃሉ፣ ይማታሉ፣ ያለቅሳሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ነጠላቸው ከትከሻቸው ሳይወርድ የኖሩ ሴት ናቸው። ይህን ሁሉ አድርገሽ፣ የወለሉን ውኃ ጠርገሽ፣ እጅሽን ታጥበሽ በማግስቱ ባንክ ቤት ደንበኛ ታስተናግጃለሽ።

ያን ሰዓት ባልሽ የት ነው? አልነገርሽኝም። ልገምት፦ ዳቦ ሊገዛ ይወጣል። ወይም ልጅቷን ይዞ ግቢ ያጫውታታል። ክፉ ስለሆነ አይደለም። ባህላችን ወንድ ልጅ እናቱን ገላዋን አያጥብም ይላል፣ እሳቸውም ጤነኛ ቢሆኑ አይፈቅዱለትም ነበር። ይህን አልነቅፍም። ነገር ግን እሱ ማድረግ ስላልቻለ ሥራው አልቀረም፤ ወደ አንቺ ነው የዞረው። ማንም አልጠየቀሽም። ማንም አላመሰገነሽም።

በፊልሙ ውስጥ ይህ ጉዳይ እንዴት እንደተያዘ ታስታውሻለሽ? ሲሚን ስትሄድ ናደር ራዚዬ የምትባል ሴት ይቀጥራል። ድሃ ናት፣ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሃይማኖቷን አጥባቂ ናት። ሽማግሌው ልብሳቸው ላይ ሲሸኑ ስልክ ታነሳለች። ሃይማኖት አዋቂ ዘንድ ደውላ፣ ልብሳቸውን ብቀይርላቸው ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ ብላ ትጠይቃለች። ለኔ ከፊልሙ ሁሉ ልብ የሚነካው ይሄ ነው። እሷ ቢያንስ የምትደውልበት አገኘች። ሥራው ከባድ እንደሆነ፣ ሰውን የሚያስጨንቅ እንደሆነ ጮክ ብላ ተናገረች። አንቺ ቤት ግን ማንም ለማንም አልደወለም።

ከዚያ ናደር ራሱ አባቱን ያጥባል፤ እያጠባቸው ያለቅሳል። ባልሽ የተነሳው እዚህ ጋ ነው ብለሻል። የሰው ልብ ገብቼ አላየሁም፣ ግምቴን ግን ልንገርሽ። ባልሽ እዚያ ስክሪን ላይ ያየው ወላጁን የሚያጥብ ልጅ ነው። ይህን እሱ ቤት የሚያደርገው ሰው አጠገቡ ተቀምጧል። የወጣው አንቺን ጠልቶ አይመስለኝም። ዓይንሽን ማየት ከብዶት ነው።

ከተሳሳትኩ ምንም አይደለም፣ ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ መጠየቅ።

ሌላም ነገር አለ። ፋርሃዲ በዚህ ፊልም አንድ ብልሃት ሠርቷል። ራዚዬ ያመለጧትን ሽማግሌ ፍለጋ ጎዳና ላይ ስትሮጥ እናያለን፤ መኪናዎች ይመጣሉ፤ ከዚያ ትዕይንቱ ተቆርጦ ወደ ሌላ ያልፋል። ቀጥሎ ምን እንደሆነ አናይም። ፅንሱ ሲጨናገፍ ሁሉም ናደር ገፍትሯት ነው አልገፈተራትም እያለ ይካሰሳል። መሳደብ አለ፣ መማል አለ፣ ፖሊስ ጣቢያ አለ። ራዚዬን እዚያ መንገድ ላይ መኪና ገጭቷት እንደነበር የሚታወቀው ወደ መጨረሻው ነው። ሁሉም ሲፈርድ የነበረው አንድ ትዕይንት ጎድሎበት ነው።

እናንተ ቤትም እንደዚያው ነው። ስለ የካ አባዶ፣ ስለ ሽንት ቤት፣ ስለ ሰፈር ትከራከራላችሁ። በመሀሉ የጎደለው ትዕይንት ሳፋው ያለበት ነው። አንቺ አልነገርሽውም። እሱ ሊያየው አልፈለገም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የናንተ ዝምታ ግን ነቅዟል። «የደከማት» ብለሽ ለኔ ፈርመሻል። ለሱ «ደክሞኛል» ብለሽው ታውቂያለሽ? በቁጣ ሳይሆን፣ ከጭቅጭቅ ውጭ፣ ድንገት ሳትፈነጂ?

እንግዲህ እንዴት ልናገረው ላልሽኝ። እዚያ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ግድግዳው ስስ ነው፣ እማማ አሉ፣ ልጅቷ ጆሮ አላት። ፊት ለፊት መቀመጥም ለናንተ አይሆንም፤ ችሎት ነው የሚመስለው። ውጡና በእግራችሁ ሂዱ። ከአፍንጮ በር በራስ መኮንን ድልድይ አድርጋችሁ ወደ ፒያሳ፣ ከዚያ ወደ አራት ኪሎ። የኮሪደር ልማቱ በብዙ ሰው ዘንድ ቅሬታ ጥሎ ያለፈ ነገር ነው፣ የፒያሳ ልጅ የሆነ ሁሉ የሚያኮርፍለት ፎቅ ወይ ሱቅ አለው። መንገዱ ግን ማታ ማታ ለባልና ሚስት ይመቻል። ሰፊ ነው፣ መብራት አለው፣ ሲደክማችሁ መቀመጫ አለ። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ዓይን ለዓይን መተያየት የለባቸውም። ባልሽ የሚያስፈልገው ይሄ ነው።

ከእማማ ጋር ማን ይቆያል እንዳትዪኝ። መንገድ ሲጠፋቸው የሚመልሳቸው ሰፈር ለአንድ ምሽት ሁለት ሰዓት የምትቀመጥ ጎረቤት አያጣም። ጠይቂ።

ስትጀምሪ ከፊልሙ አትጀምሪ። ከየካ አባዶም አትጀምሪ። እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «እማማን ሳጥባቸው ምን እንደሚሆን ነግሬህ አላውቅም። ዛሬ ልንገርህ፣ ዝም ብለህ ስማኝ።» ከዚያ ንገሪው። ሳታጋንኚ፣ ብታለቅሺም ይሁን፣ ግን ሳትከሺው። የመጨረሻዋን ቀን ብቻ ንገሪው፤ ምን አሉሽ፣ ምን አደረግሽ፣ ከዚያ በኋላ ምን ተሰማሽ። «አንተ መቼም አታግዘኝም» ያልሽ እንደሆነ እሱ ያገዘበትን ቀን መቁጠር ይጀምራል፣ ነገሩም እዚያው ላይ ያልቃል። አበቃሽ ማለት ነው።

ተናግረሽ ስትጨርሺ ጠይቂው፦ «ያን ቀን ስትወጣ ምን ሆነህ ነው?» ከዚህ በኋላ ያንቺ ሥራ ዝም ማለት ነው። ይሄ ከባዱ ነው። ወንዱ አፉን ሊከፍት ሲል እኛ መልሱን ቀድመን እንሰጠዋለን። ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ጠይቀሽው አራት ኪሎ ድረስ ባይመልስ እንኳ ታገሺ። «ምንም አልሆንኩም» ቢልሽ ደግሞ በዚያው ምሽት አትጨቅጭቂው፤ ሌላ ቀን ደግመሽ ትሄጃለሽ።

ፊልሙን እሱ ካነሳው አንድ ነገር ንገሪው፦ አልጨረሰውም። ከወጣበት ቦታ በኋላ ገና ብዙ አለ። ያ አባቱን እያጠበ የሚያለቅሰው ደግ ልጅ፣ ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር መሆኗን አላውቅም ነበር ብሎ ፍርድ ቤት እንደሚዋሽ አላየም። ልጁ ተርሜም ለሱ ስትል ዳኛ ፊት እንደምትዋሽ አላየም። መጨረሻ ላይ ከእናትና ከአባቷ አንዱን እንድትመርጥ እንደምትጠየቅ፣ ምርጫዋም ለተመልካች እንደማይነገር አላየም። «አንቺ ያቺ ሴትዮ ነሽ» ያለሽ ግማሽ ፊልም አይቶ ነው። እንዲጨርሰው ግን አትለምኚው። የናንተን ጉዳይ ከጨረሳችሁ ፊልሙ ይደርሳል።

አሁን ተግባሩን ባጭሩ። አንደኛ፣ ከኪራዩ የሚተርፈው ገንዘብ ይኸው ሥራ አለው። ተመላላሽ ቅጠሩ። ምግብና ልብስ ማጠቡን እሷ ትያዘው። ገላ ማጠቡን እንደ ሥራዋ አድርጋችሁ ሳትነግሯት አትቅጠሯት፤ ካመነችበት በተጨማሪ ክፍያ ይሁን። ራዚዬ ላይ የደረሰውን አይተሻል፤ ሥራው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው የገባችበት።

ሁለተኛ፣ አማትሽ ልጅሽን የሚጠሩባት ያቺ እህት። የት እንዳለች አልጻፍሽም። ያለችው ውጭ አገር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ለበዓል የምትልክና በስልክ «እማዬን ከቤቷ እንዳታወጧት» የምትል ትሆናለች። እዚህ አዲስ አበባ ካለችም ድርሻ አላት። ሴት ልጃቸው ናት፤ የማጠቡን ተራ ልትይዝ ትችላለች። ሩቅ ከሆነች የተመላላሿን ደሞዝ ትካፈል። ይህን የሚነግራት ግን ባልሽ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። አንቺ ካልሽው «ምራቷ ሰለቻት» ይባላል። እሱ ካለው የቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ፣ እማማ የነርቭ ሐኪም አይቷቸዋል? ሰዉ «እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። ሁሉም መርሳት አንድ ዓይነት አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ችግር፣ ድብርት፣ የሚወስዱት መድኃኒት ራሱ መርሳትን ሊያመጣ ወይም ሊያብስ ይችላል፤ እነዚህ ይታከማሉ። ጥቁር አንበሳ የነርቭ ክፍል አለ፣ ካላችሁበትም ሩቅ አይደለም። ስትሄዱ ስለ ቤት መቀየሩም ሐኪሙን ጠይቁት። በዚህ ነገር ባልሽ እውነት አለው፤ የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ከለመደው ቦታ ማንሳት ግራ መጋባቱን ሊያብሰው ይችላል። መልሱን ከሐኪም አፍ ብትሰሙት «አንቺ እንዲህ ስላልሽ፣ አንተ እንዲያ ስላልክ» የሚለው ይቀርላችኋል።

ስለ ቤቱ ደግሞ ቀን ቁረጡ። ልጃችሁ አንደኛ ክፍል የምትገባበትን መስከረም ለምሳሌ። እስከዚያ እዚያው እንቆያለን፣ ያን ጊዜ ወይ እንገባለን ወይ አንገባም። የቀኑ መኖር ላንቺም ትንፋሽ ነው፣ ለሱም ማሰቢያ። የፒያሳ ሰው በ2016 ዓ.ም. እንዴት እንደተነሳ አይታችኋል። ነገ ሰፈራችሁ ለልማት ይፈለጋል ቢባል ማንም «እማዬ ትሞትብኛለች» የሚለውን አይሰማም። ውሳኔው በእጃችሁ እያለ ወስኑት።

ፍቺን አንስተሻልና ዝም ብዬ አላልፈውም። እዚህ አዲስ አበባ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ሁለታችሁ ተስማምታችሁ፣ ወይም አንዳችሁ ብቻችሁን ፍርድ ቤት ማመልከት ትችላላችሁ። ምክንያት መደርደር ግዴታ አይደለም። ፍርድ ቤቱ እንድታስቡበት እስከ ሦስት ወር ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ሽማግሌም እንድትመርጡ ሊያደርግ ይችላል። የኮንዶሚኒየሙን ነገር «ሳላገባ ስለተመዘገብኩ የኔ ነው» ብለሽ በራስሽ እንዳትደመድሚ፤ ዕዳው የተከፈለው በትዳር ውስጥ ነው፣ ጠበቃ ይየው። ሽማግሌ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። በፊልሙ መጀመሪያ ዳኛው የሲሚንን ምክንያት በቂ ነው አላላትም። የኛም ሽማግሌዎች «ባልሽ አይጠጣ፣ አይማታ፣ ለእናቱ ስላዘነ ነው?» ብለው ይገረሙብሻል። ሽማግሌ ካስፈለገ ታማሚ አስታማ የምታውቅ አንዲት ሴት ከመሀላቸው ትኑር።

ይህ ሁሉ ግን ገና ነው። ፍቺ የምታስቢው ነግረሽው እምቢ ካለሽ ሰው ጋር አይደለም፤ ካልነገርሽው ሰው ጋር ነው። መጀመሪያ ንገሪው። ሐኪም ዘንድ ሂዱ፣ ተመላላሿን ቅጠሩ፣ ለእህቱ ይደወልላት። መስከረም መጥቶ እሱ ሁሉንም ሰምቶ፣ ሁሉንም አውቆ፣ አሁንም ሳፋው ካንቺ እጅ ካልወጣ እንደገና ጻፊልኝ። ያን ጊዜ የምመልስልሽ ሌላ ነገር ይሆናል።